ዋሱ ማነው?

እኛ የሲኒማ ራስ ሰፈር ልጆች ፊልም ያየነው በዓይናችን ብቻ አይደለም፤ በአፋችንም ጭምር ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ ፊልም ማየት ነውር ነበር። አክተሩ ከኋላው ጠላት ሲመጣበት "ዙር!" ብለን እናስጠነቅቀዋለን። ሽጉጡ ከእጁ ሲወድቅ "አንሳው!" እንለዋለን። የህንድ ፊልም ከሆነ ደግሞ የግድ አንድ ክፉ ሀብታም አለ። ይሄ ክፉ ሀብታም የግድ ወረቀት ይዞ ወደ አንድ ምስኪን አባት ቤት ይመጣል። ፈገግ ብሎ እስክሪብቶ ያቀብለዋል። ያን ጊዜ ከቋንቋው አንዲት ቃል የማናውቅ ሁሉ በአንድ ድምፅ እንጮኻለን፦

"እንዳትፈርም!"

እሱ ግን ይፈርማል። ሁልጊዜም ይፈርማል። ባይፈርም ፊልሙ በሃያ ደቂቃ ያልቅና እኛም ለከፈልናት ሳንቲም እናለቅሳለን።

ይህን ዛሬ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ከዚያው ሰፈር ልጆች የቀረነው ሰብሰብ ብለን ሻይ እየጠጣን ነበር። ጨዋታው እንደ ዘመኑ ደንብ ወደ ወደብ ዞረ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አሰብ ሳይነሳ የሚያልቅ ሻይ የለም። አንዱ ጓደኛችን "ቆይ፣ እኛ ከጎረቤቶቻችን ጋር የሰላም ውል የለንም እንዴ?" ሲል ጠየቀ። ሌላው ሻዩ ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ። "ውል!" አለ። "የቱ ውል ነው አንተ?"

ሳቁ አልጣመንም። ስለዚህ እስቲ ስለ አንድ ውል እናውራ አልን። አሰብም ያለበት ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ፈረንጅኛውን የሚፈልግ ይደምር!)

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንና የኢጣሊያው ሚኒስትር ጁሊያኖ ኮራ አዲስ አበባ ላይ አንድ ውል ተፈራረሙ። የወዳጅነትና የግልግል ውል ነው። ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። ኢጣሊያ በዚያ ዘመን ባሕር ማዶ ያለች ሩቅ አገር ብቻ አልነበረችም። በሰሜን ኤርትራን፣ በደቡብ ምሥራቅ ሶማሊያን ይዛ አጥራችን ሥር የተቀመጠች ጎረቤት ነበረች።

ውሉ ላይ የሰፈረው ነገር ለጆሮ ደስ ይላል። አንደኛው መንግሥት በምንም ምክንያት ቢሆን የሌላውን ነጻነት የሚጎዳ ነገር አያደርግም። ጠብ ቢነሳና በዲፕሎማሲ አልፈታ ቢል ደግሞ ወደ ጦር መሣሪያ አይኬድም፤ ወደ ዕርቅና ወደ ግልግል ዳኛ ይኬዳል። ከዚህ ጋር ሌላ ስምምነት ተያይዟል። ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ይሠራል። ኢትዮጵያም አሰብ ላይ ለ130 ዓመት የምትገለገልበት ነጻ ቀጠና ታገኛለች። አዎ፣ 130 ዓመት! እንደ ወረቀቱ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ጊዜው አላለቀም፤ እኛም ሻያችንን በሌላ ጨዋታ እንጠጣ ነበር።

መንገዱ እንደ ስምምነቱ ሳይሠራ ቀረ። ውሉም ዕድሜውን አልጨረሰም። ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ቆየ።

እዚህ ላይ የሲኒማ ራስ ደማችን ይፈላል። ወደ ኋላ ተመልሰን አዳራሹ መሐል ቆመን ለአልጋ ወራሹ "እንዳትፈርም!" ብለን ብንጮህላቸው ደስ ባለን። ግን ረጋ ብለን ስናስበው ተፈሪ መኮንን እንደዚያ የህንድ ፊልም አባት የዋህ አልነበሩም። የውጫሌውን ውልና የ17ኛውን አንቀጽ ጣጣ፣ ከዚያም አድዋን፣ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸውማ የልጅነት ተረታቸው ነው፤ አባታቸው ራስ መኮንን አድዋ የዘመቱ ናቸው። ከዚህም በላይ ገና በታኅሣሥ 1918 እንግሊዝና ኢጣሊያ በደብዳቤ ተጻጽፈው ኢትዮጵያን በጥቅም ሲከፋፈሏት እሳቸው ነገሩን ዝም ብለው አላለፉትም። ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለውባቸዋል። ስለዚህ የማንን እጅ እንደሚጨብጡ ያውቁ ነበር።

ታዲያ ለምን ፈረሙ?

ይህን ለመመለስ ጄኔቭ መሄድ አያስፈልግም። ከሲኒማ ራስ በእግር አምስት ደቂቃ የሚሄድ ሰው መልሱን ያገኘዋል። እንደሚታወቀው መርካቶ የሚንቀሳቀሰው በገንዘብ አይደለም፤ በመተማመን ነው። የአንድ ሱቅ ሙሉ ዕቃ በቃል ይወጣል። "ቅዳሜ እሰጥሃለሁ" ይባላል፤ ቅዳሜ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ሰዎቹ መላእክት ስለሆኑ አይደለም (መርካቶን የሚያውቅ ይስቃል)። የሚሠራው በመካከል ሦስተኛ ሰው ስላለ ነው። ዋስ ይባላል።

ዕቁብን አስቡት። ዕጣው ገና በሁለተኛው ሳምንት የወጣለት ሰው ብሩን ሁሉ ተሸክሞ ቢጠፋስ? ለዚህ ነው ዕጣ ሲወጣ ዳኛው "እንኳን ደስ አለህ" ከማለቱ በፊት "ዋስህ ማነው?" የሚለው። ዋስ ከሌለ ዕጣው ቢወጣም ብሩ አይወጣም። ዋስ ለጌጥ አይቆምም። ባለዕዳው ከጠፋ ከኪሱ ይከፍላል። ለዚህም ነው ሰው ዋስ ሁን ሲባል ወንድሙን ሳይቀር ከእግር እስከ ራሱ የሚያየው።

የ1920ው ውልም ዋስ ነበረው። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916፣ በመስቀል ዕለት፣ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንዱ አባል ውሉን ጥሶ ጦር ቢያነሳ በሁሉም ላይ እንዳነሳ ይቆጠራል ይላል። ደካማው ሰው ከጉልበተኛ ጎረቤቱ ጋር በጓዳ ከሚነጋገር ምስክር ባለበት አደባባይ ቢያስፈርመው ይሻለዋል። ተፈሪ መኮንን የፈረሙት በሮም ፈገግታ ተማርከው አይደለም። ጠላታቸውን በጽሑፍ ለመያዝና ዋስ ፊት ለማቆም ነው። እኛ በበኩላችን ይህን ሞኝነት አንለውም። የመርካቶ ነጋዴ ቢሆኑም የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ኢጣሊያ በዚያ ዓመት ፊርማ አልሰሰተችም። በመጋቢት 1920 የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቭ ፕሮቶኮል አጸደቀች። በሐምሌ ከእኛ ጋር ተዋዋለች። በነሐሴ ደግሞ ጦርነትን የፖለቲካ መሣሪያ አናደርግም የሚለውን የፓሪስ ውል ፈረመች። በአንድ ዓመት ሦስት ፊርማ! እስክሪብቶው ሳይደክመው አልቀረም።

ሦስቱም ተራ በተራ ፈረሱ።

ውል የሚፈርሰው ጥይት ሲተኮስ ይመስለናል። አይደለም። ጥይቱ የመጨረሻው ነው። ወረራውን የመራው ጄኔራል ኤሚሊዮ ደ ቦኖ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እሱና ሙሶሊኒ ስለዚህ ጦርነት መምከር የጀመሩት በ1925 ገደማ መሆኑን በኩራት ተርኳል። ማለትም ውሉ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ገና ማንም ማንንም አልነካም። አዲስ አበባ ያለው ለጋሲዮን "ወዳጅ መንግሥት" እያለ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሮም ላይ ካርታ ተዘርግቷል። ውሉ የሞተው ያኔ ነው። የቀረው ቀብሩ ነበር።

ለቀብሩ ሰበብ የሆነው ወልወል ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ኦጋዴን ውስጥ በውኃ ጉድጓዶቿ በምትታወቀው ወልወል የኢጣሊያ ጦርና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተታኮሱ። ከእኛ ወገን ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ። ወልወል በኢጣሊያኖቹ በራሳቸው ካርታ እንኳ ከወሰኑ ወደ ኢትዮጵያ ብዙ ገባ ብላ የምትገኝ ቦታ ናት።

ኢትዮጵያ ምን አደረገች? ውሉን አወጣች። "በ1920 በተፈራረምነው መሠረት ግልግል ዳኛ ይየን" አለች። እነሱ ምን አሉ? ምን የሚዳኝ ነገር አለ? ይቅርታ ጠይቁ፣ ወልወል ላይ ለሰንደቅ ዓላማችን ሰላምታ ስጡ፣ 200,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ካሣ ክፈሉ አሉ። እቤትህ ገብቶ መትቶህ፣ እጄን አመመኝና አሳክመኝ እንደማለት ነው።

ነገሩ ጄኔቭ ደረሰ። እዚህ ላይ ዋሱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱልን። ዋሱ በመጀመሪያ ሽማግሌ ሆነ፤ "እስቲ ሁለታችሁም ተነጋገሩ" አለ። ወራት ሄዱ። የኢጣሊያ መርከቦች በስዊዝ ቦይ አልፈው ወታደርና መድፍ ምጽዋ ላይ ያራግፋሉ። በ1927 ክረምት እንግሊዝ "ለሁለቱም ወገን" መሣሪያ አልሸጥም አለች። አንደኛው ወገን የራሱ ፋብሪካ ያለው፣ ሌላው ጥይት ሳይቀር ከውጭ የሚገዛ መሆኑን ማን ይናገር? እኩል አድርጎ ከለከለ ተባለ።

በመጨረሻ የግልግል ኮሚሽኑ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ውሳኔ ሰጠ። በወልወሉ ግጭት አንዱንም ወገን ጥፋተኛ አላልኩም አለ። ወልወል የማን ናት የሚለውን እንዳያይ በኢጣሊያ እምቢታ አስቀድሞ እጁ ታስሮ ነበር። ይሁን፤ ቢያንስ የጦርነት ሰበብ የለም ማለት ነው አይደል?

ልክ በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የደ ቦኖ ጦር ሳያውጅ መረብን ተሻገረ።

ማኅበሩ ሳይውል ሳያድር ኢጣሊያን ጥፋተኛ አለ። ይህን አንክድም። በኅዳር ማዕቀብም ጣለ። ማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ የለም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ወራሪው ታንክና አውሮፕላን በነዳጅ ይሄዳል፤ ነዳጁ ክፍት ነው። ወራሪው በቦዩ ያልፋል፤ ቦዩም ክፍት ነው። በዚያው ኅዳር መጨረሻ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተገናኝተው አንድ "መፍትሔ" አዘጋጁ። ከኢትዮጵያ መሬት ሰፊውን ለኢጣሊያ ሰጥቶ ለኢትዮጵያ ወደ ባሕር የምትወጣበት ቀጭን መተላለፊያ መስጠት። ምሥጢሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሁለቱም ከሥልጣናቸው ወረዱ እንጂ ሐሳባቸው ይህ ነበር። የመርካቶ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ባለዕዳው ሲጠፋ ዋሱ ዞሮ አበዳሪውን ከፈለው!

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። ያጸደቁትን ፕሮቶኮል እናስታውሳለን? የኢጣሊያ መንግሥት ይህን በይፋ ያመነው በ1988 ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ። መጋቢት 22 ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጄኔቭ ሄደው ዋሱ ፊት ቆሙ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በአራተኛው ቀን ማኅበሩ ድምፅ ሰጠ፤ ለኢትዮጵያ ሳይሆን ማዕቀቡ እንዲነሳ።

ከዚህ ሁሉ እኛ ሰፈር ምን ደረሰ? ስማችን ደረሰን! ኢጣሊያኖቹ ከተማዋን ለፈረንጅና ለአገሬው ሰው ሲከፍሉ በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ አንስተው የአገሬው ሰው እንዲገበያይበት ወደዚህ አመጡት። "መርካቶ" ማለት በእነሱ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። እኛ እንግዲህ በዚያ በፈረሰ ውል በተተከለ ገበያ ውስጥ ተወልደን፣ በኢጣሊያኖቹ ቃል ፓስታችንን በልተን፣ ጎማችንን ጎሚስታ ጋ አስነፍተን፣ ስንለያይ "ቻው" ተባብለን ያደግን ልጆች ነን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ብንረሳ እንኳ ታክሲው ላይ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ "መርካቶ! መርካቶ!" እያለ ያስታውሰናል።

ጽሑፋችንን እዚህ ላይ ብናቆመው ሁላችሁም ታጨበጭቡልን ነበር። ተበደልን፣ ተካድን፣ ዓለም አየችን። እውነትም ነው። ግን ሻይ ላይ የሳቀው ጓደኛችን የሳቀው በ1920ው ውል አልነበረም።

እሱ የሳቀው በእኛ ዘመን ውል ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ኢትዮጵያና ኤርትራ አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከረገፈበት ጦርነት በኋላ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ኃይል ላይጠቀም፣ ወሰኑን ገለልተኛ ኮሚሽን ሊወስን፣ ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ ሊሆን ተስማሙ። ዋሶችም ተደርድረው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካ፣ አልጄሪያ። ከ1920ው የበለጠ ዋስ!

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ኮሚሽኑ ወሰነ። በመጀመሪያ አሸነፍን ተብሎ ተነገረን። ኋላ መስመሩ ካርታ ላይ ሲታይ ባድመ ከወዲያ ሆና ተገኘች። ያኔ እኛ፣ ያ ሁሉ "ውላችን ይከበር" ብሎ ጄኔቭ ላይ የጮኸ ሕዝብ መንግሥት፣ ውሳኔው ልክ አይደለም አልን። "የመጨረሻና አስገዳጅ" የሚለውን ቃል በመርሕ ደረጃ፣ በንግግር፣ በቅድመ ሁኔታ እያልን ጠቀለልነው። በታኅሣሥ 1998 ደግሞ በዚያው በአልጀርስ ውል የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን በግንቦት 1990 ሕግ ጥሳ ጦር ያነሳችው ኤርትራ ናት ሲል ወሰነ። አስመራም በተራዋ ይህን ገጽ አልወደደችውም። እያንዳንዱ ከአንዱ ውል የሚጥመውን ገጽ ቀዶ ይዞ ሄደ። ዋሶቹስ? ዋሶቹ መግለጫ አወጡ።

ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው በግንቦት 2010 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! የሮም ሰዎች በ1939ኙ የሰላም ውል የአክሱምን ሐውልት በ18 ወር እንመልሳለን ብለው በ1997 ሲመልሱት "እነዚህ ሰዎች ቃል አያውቁም" ብለን የተሳለቅን እኛው ነን። አሥራ ስድስቱ ዓመት ውስጥ ወታደር በየምሽጉ አረጀ፤ ወንድም ከወንድም ሳይተያይ ሞተ። የወጋ ቢረሳ … ያልነውን ተረት ቁጭ ብለን ደግመን ብናነበው ከሁለቱም ወገን ያለንበት ነን።

እኛ አንድ ሰው አለን፤ ይህን ሁሉ የሚያስታውሰን። ጓደኛችን ነው። ሲኒማ ራስ ከእኛ ጋር "እንዳትፈርም!" ሲል የነበረ፣ ድምፁም ከሁላችን የሚልቅ። አባቱ የመኪና መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። በ1990 ክረምት አንድ ሌሊት ኤርትራዊ ናችሁ ተብለው ተወሰዱ። በሳምንቱ እናቱና እሱ ተከተሉ። አውቶቡሱ ሲሄድ አላየነውም። ጠዋት ስንሄድ በራቸው ታሽጎ አገኘነው። ከጦርነቱ ያየነው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ የታሸገ በር።

አባቱ ከመሄዳቸው ከጥቂት ሳምንት በፊት ዕቁብ ደርሷቸው ነበር። ብሩን ዕቃ ገዝተውበታል፤ ዕቃው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ሱቁም ታሽጓል። ዋሳቸው ጎረቤታቸው አንድ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ። ዳኛው በማግሥቱ እሑድ "እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ይህማ የመንግሥት ነገር ነው፣ ማን ዋስ ይጠየቃል?" ብሎ ነገሩን ሊያለዝብ ሞከረ ይባላል። ሰውዬው መልስ አልሰጡም። የራሳቸውን ቆጠሩና አስቀመጡ። ከዚያ ሌላ ቆጠሩና ከጎኑ አስቀመጡ። "ይሄ የኔ፤ ይሄ የሱ" አሉ። እንዲህ እያሉ ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ ከፈሉ። በዚያ ሰሞን ስለ ኤርትራዊ ደግ ነገር መናገር የማያዋጣ ነበር። እሳቸው ደግ ነገር አልተናገሩም። ከፈሉ ብቻ።

በ2010 ሐምሌ መሪዎቹ አስመራ ላይ ተፈራረሙ፤ አውሮፕላኑም ተጀመረ። ነሐሴ ላይ ያ ጓደኛችን ድንገት መጣ። ሃያ ዓመት! ከኤርፖርት ይዘነው ወደ ቤት ልንወስደው ስንል "መጀመሪያ ሲኒማ ራስ" አለን። ፊልም ሊያይ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን ሽማግሌውን ፍለጋ ነበር። አባቱ አስመራ አርፈዋል። ሲሞቱ ግን የአደራ ቃል ትተዋል፤ ስንት ሳምንት እንደቀረ፣ በሳምንት ስንት እንደነበረ፣ ለማን እንደሚከፈል።

አገኘናቸው። አርጅተዋል፤ ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። በመጀመሪያ አላወቁትም። የአባቱን ስም ሲነግራቸው ተነስተው አቀፉትና ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ፖስታውን ሰጣቸው። እኛ "አይ ልጄ፣ ይቅር" ይላሉ ብለን ጠብቀን ነበር፤ ፊልም ቢሆን እንደዚያ ነበርና። እሳቸው ግን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩት። ከዚያ ደግመው ቆጠሩት። መርካቶ ነው እኮ! የሃያ ዓመት በፊቱ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህን አላነሱም። "ትክክል ነው" ብለው ኪሳቸው ከተቱና ሻይ አዘዙልን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2011 መባቻ በደስታ የተከፈቱት የድንበር በሮች በወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ። ከ2013 ጀምሮ በትግራይ የሆነውን ለናንተ አንነግራችሁም። ጓደኛችንም ዳግመኛ አልመጣም። አሁን ደግሞ ይኸው ስለ አሰብ ሻይ እንጠጣለን። አንዳንዱ እንደ ቀልድ "በጉልበት ነው እንጂ!" ይላል። አጠገቡ ያለው አንገቱን ይነቀንቃል። እኛም አንዳንዴ ዝም ብለን እንሰማለን፤ ስህተታችን ይህ ነው።

ባሕር በር አያስፈልገንም የሚል የለም፤ ተፈሪ መኮንንም የፈረሙት አንዱ ለዚያ ነበር። ግን አንድ ነገር ከዚያ ታሪክ ወስደናል። ውሉ የሚሞተው ሰዎች ወረቀቱን ሳይቀዱት በልባቸው "ውል!" ብለው የሳቁ ዕለት ነው። ሮም ላይ በ1925 እንደዚያ ተስቆ ነበር። ሻያችን ላይም ባለፈው ቅዳሜ ተሳቀ። ጄኔቭ ላይ ካሳፈረን ነገር ሁሉ የሚያሳፍረው ያንኑ በጎረቤታችን ላይ ብናደርገው ነው። ትልልቆቹ ዋሶች ድሮም አልከፈሉም፤ ዛሬም ይከፍላሉ ብለን አንጠብቅም። ያለን ዋስ ሻይ ቤት የምንቀመጠው እኛው ነን። ጎረቤቱን ለመውጋት ሲወሰን "ፈርመናል እኮ" ብሎ የሚያሳፍር ሕዝብ ከሌለ ውሉ ዋስ የለውም።

ያን ዕለት ሻዩን እየጠጣን ከእኛ አንዱ አፉ አላርፍ ብሎት ሽማግሌውን "አባባ፣ ልጁ ባይመጣስ ኖሮ?" ብሎ ጠየቃቸው።

ጥያቄው የገባቸው አይመስልም። ትንሽ አዩትና፣

"ባይመጣማ ዕዳው የኔ ነዋ" አሉ። "ፈርሜ የለ?"

ቸር ያሰማን።